ከገብሱ ውስጥ የወጣው ቁራጭ

አውሮፕላኗ የተገኘችው ገብስ ውስጥ ነው። አፍንጫዋ አፈር ውስጥ ተቀብሮ፣ ጅራቷ ወደ ሰማይ ቆሞ፣ ከምንጭ ጎንበስ ብላ ውኃ የምትጠጣ ላም መስላ። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣውን መንገድ ይዘህ ስትሄድ በግራ በኩል ያለው ማሳ ነው፤ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቆሟል። ኅዳር 1996፣ ማክሰኞ ቀን። የወደቀችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን ኢንስፔክተር እንግዳው ከጎንደር ሲደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር።

የአብራሪውን ሬሳ አንስተውታል። ካፒቴን ጀምበሩ ይባል ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋሊያ ሲቆጥር የከረመ ሰው። ጠዋት ጠዋት ደባርቅ ዳር ካለው የጠጠር ሜዳ ይነሳል፣ ገደል ለገደል ይዞራል፣ ጉም ሳይመጣ ይመለሳል። ሌላ ቀን አንድ ቆጣሪ ከጎኑ ይቀመጣል። የዚያን ቀን ቆጣሪው አሞት ቀረና ብቻውን ወጣ። አልተመለሰም።

ማሳው ዳር ሰው እንደ ለቅሶ ተቀምጧል። መሀል ላይ አንድ ጎልማሳ እጁን በጠፍር ታስሮ መሬት መሬት ያያል። ቢራራ ነው፤ የማሳው ባለቤት። ጠመንጃው አጠገቡ ተጋድሟል፤ አፈሙዙ ባሩድ ይሸታል።

ያሰረው የፓርኩ ጠባቂ ነገሩን ባጭሩ ተናገረ። አውሮፕላኗ በላዩ ስታልፍ አንድ ጥይት ጮኸ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፣ እንደ ወፍጮ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ወደቀች። ደግሞ ይሄ ቢራራ ከሦስት ሳምንት በፊት በቀበሌ ስብሰባ ተነስቶ፣ ዋሊያ ብቻ ሳይሆን የኛንም ቤት ነው የምትቆጥረው፣ ነገ ከመሬታችሁ ተነሱ ሊሉን ነው ብሏል። አንድ ነገርም ጨምሯል፤ «ይቺ ጭልፊት አንድ ቀን ትወርዳለች።» ሁለት መቶ ሰው ሰምቶታል።

እንግዳው ወደ ስብርባሪው ሄደ። ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው ነገር የለም፤ በሕይወቱ ተሳፍሮ አያውቅም። ፊት ለፊት ያለችው የምትሽከረከረዋ ነገር ግን ዓይኑን ያዘችው። ሁለት ክንፍ ነበራት። አንደኛው ከሞተሩ ጋር አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ሌላኛው ወደ ላይ ቆሟል፤ ጫፉ የለም። ስንዝር ተኩል የሚሆን ቁራጭ ተበጥሶ ሄዷል።

ያንን ቁራጭ ፈልጉልኝ አለ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ገብሱን እስኪመሽ ፈለገ። የተገኘ ነገር የለም።

* * *

ቢራራ መጀመሪያ ላይ አልተኮስኩም አለ። ጠመንጃው ለምን ባሩድ ሸተተ ሲሉት ያንኑ ደገመ። ረቡዕ ማለዳ ጣቢያ ውስጥ፣ ሚስቱ ባንቻየሁ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች፣ ተናዘዘ። ተኩሷል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገብሱን ሊጨርሱበት ነው፤ ለማስደንገጥ ወደ ሰማይ ለቀቀ። ፓርክ ውስጥ መተኮስ ክልክል ስለሆነ ነው የዋሸው።

«ወደ ሰማይ ስትተኩስ አውሮፕላኗ የት ነበረች?»

«በላዬ» አለ ቢራራ። «እኔም እሱን ነው ቀን ከሌት የማስበው። መትቻት ይሆን እንዴ? አንተ ታውቃለህ ጋሼ?»

እንግዳው አያውቅም። ይሄ ነው ችግሩ። ሰውየው ራሱ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን እንዲነግረው መርማሪውን ይለምናል።

ከላይ ያለው አለቃ ደወለ። ሬዲዮ ሳይቀር ስለ አውሮፕላኗ እያወራ ነው፣ ጥይት ተተኩሷል፣ ዛቻ አለ፣ ሰው ተይዟል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አለው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፣ ተጠርጣሪውን ከነመዝገቡ ወደ ጎንደር ትልካለህ። በሰው መግደል። ስልኩ ተዘጋ።

ሲወጣ ባንቻየሁ ተነሳች። ማጭዷን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች፤ ከዚህ በቀጥታ ወደ ማሳው ነው የምትሄደው። ባሌን ፍቱልኝ አላለችም። ገብሱ ሳይረግፍ ይመጣል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችው። እንግዳው አንገቱን ነቀነቀ፤ አዎ ይሁን አይሁን እሱም አልታወቀውም።

* * *

የጠጠሩ ሜዳ ጥበቃ አያ ገዱ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሽማግሌ። ሜዳው ባዶ ነው፤ እሳቸው ግን አሁንም እየጠበቁ ነበር። አውሮፕላኗ ትቆምበት የነበረው ቦታ በድንጋይ ተከቧል። አያ ገዱ ከድንጋዮቹ አጠገብ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። የአጨዳ ወር አይደል፣ አካባቢው ሁሉ ማጭዱን ለሳቸው ያመጣል። ስድስት ሰባት ማጭድ ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል።

እንግዳውን ሲያዩ ሞረዳቸውን አስቀምጠው ተነሱ። እሱም ይቀመጡ እንጂ ብሎ ትከሻ ሳማቸው።

ሰው ወደ አውሮፕላኗ ቀርቦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቃቸው። ማንም አልቀረበም አሉ። ሌሊት ሌሊት ጅብ እንኳ አላስጠጋም። ካፒቴኑ፣ መካኒኩ ክንዴ፣ ቆጣሪው፣ እሳቸው፤ በቃ።

«ከካፒቴኑ ጋር ተጣልቶ የሚያውቅ ሰው አለ?»

አያ ገዱ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ስለ ሸዋነሽ ነገሩት። ጥቅምት ላይ ምጥ ያዛት፣ ሁለት ቀን አላስወልድ አላት። ካፒቴኑ ሰማ። ቆጣሪውን አውርዶ እሷን ከጎኑ አስቀመጣት፣ በሃያ ደቂቃ ጎንደር አደረሳት። አሁን ልጅ ታቅፋ ዱቄት ስታቦካ ታያታለህ አሉ።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው ጠላት ይኖረዋል? እኔ ምን ልክፈለው? ገንዘብ አይቀበል። ማር ላክሁለት፣ ቀምሶ ለሠራተኞቹ ሰጠው። ምን ላድርግለት እያልኩ ሳስብ ሞተብኝ።»

ዓይናቸው አልረጠበም። እጃቸው ግን ሞረዱን ፈልጎ አገኘው፣ ማጭዱን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይስሉ ጀመር። ክር፣ ክር፣ ክር። እንግዳው ይሄንን ድምፅ በጀርባው ሰምቶ ሄደ።

* * *

ክንዴ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ የባሕር ዳር ልጅ፣ ጥፍሩ ሥር ሁሌ ጥቁር ቅባት አለ። ሜዳው ጥግ በቆርቆሮ ከተሠራችው መጋዘን ውስጥ አገኘው። ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ፕሮፔለር ተሰቅሏል። እንግዳው ያቺ ነገር እንዴት እንደምትሠራ ከመጀመሪያው አስረዳኝ አለው።

ክንዴ ሥራውን ሲያወራ ሌላ ሰው ይሆናል። ሰው ፕሮፔለር አየር የሚቆርጥ ቢላዋ ይመስለዋል አለ። አይደለም። ክንፍ ነው፤ የሚሽከረከር ክንፍ። አየሩን ወደ ኋላ ይገፋል፣ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይጎትታል። እየው፣ ጠማማ ነው፤ ሥሩ ላይ ቀና ብሏል፣ ጫፉ ላይ ተኝቷል። ጫፉ ከሥሩ ይልቅ ብዙ መንገድ ስለሚሮጥ ነው። ሲሽከረከር ደግሞ እያንዳንዱ ክንፍ ተነቅሎ መሄድ ይፈልጋል። ሃያ በሬ ጠምደህ ወደ ውጭ ብታስጎትተው ነው። ያንን ሁሉ የሚችለው አንድም ቦታ ላይ ጭረት እስከሌለው ድረስ ነው።

«ጭረት ካለስ?»

«ጭረቱ ስንጥቅ ይሆናል። ስንጥቁ በየበረራው ትንሽ ትንሽ ይሄዳል። አንድ ቀን ይለቃል። ጫፉ ሲሄድ ክብደቱ ይዛባል፣ ሞተሩ እስኪነቀል ድረስ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ አብራሪ ምንም ማድረግ አይችልም፤ መጸለይ ነው።»

ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ጥፍሩን በክንፉ ፊት ጠርዝ ላይ የሚያስኬደው። የዚህ ሜዳ ጠጠር ሞተር ሲነሳ እየተፈናጠረ ይመታዋል። ጥፍር የሚይዝ ነገር ካገኘ በሞረድ ያለሰልሰዋል፤ ሁልጊዜ በክንፉ ርዝመት፣ በአግድም በጭራሽ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል። ጠርዙ ክብ ሆኖ መቅረት አለበት፣ እንደ አውራ ጣት ጫፍ።

እንግዳው የማክሰኞን ጠዋት ምርመራ ማን እንዳደረገ ጠየቀ። ክንዴ መዝገቡን ገለጠለት። ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፤ ሁሉም ላይ የሱ ፊርማ። ማክሰኞ ጥፍርህ የያዘው ነገር ነበር? አልነበረም። እርግጠኛ ነህ? እርግጠኛ ነኝ።

ይሄን ሲል ግን ወደ ተሰቀለው ፕሮፔለር ነበር የሚያየው። ደግሞ ሦስቱም ፊርማዎች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፉ ይመስላሉ።

* * *

ሐሙስ ዕለት አንድ የሚኒባስ ረዳት ነገሩን ፈታው። ረዳቶች ሁሉንም ያውቃሉ። ክንዴ መካኒኩ? ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ከዳባት፣ ከክርስትና ሲመለስ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ ነበር አለ።

እንግዳው ያኔውኑ ዳባት ወረደ። ገበያ ቀን ስላልነበር መንገዱ ጭር ብሏል። ክርስትና የነበረበትን ቤት ለማግኘት ሦስት ሰው መጠየቅ ብቻ በቃው። የቤቱ እመቤት ጤናዬ ትባላለች። ክንዴ ለልጇ የክርስትና አባት ሆኖ ዓርብ ከሰዓት መጥቷል፣ እሁድ ልጁን ክርስትና አነሳ፣ ሰኞ ሆዱን አመመው፣ ማክሰኞ ጠዋት አውሮፕላን ወደቀ ሲባል እየሮጠ ወጣ። አንድ ሌሊት ከዚህ ቤት ውጭ አላደረም አለች። እየሳቀች ስለ ጠላው ልታወራ ጀምራ የእንግዳውን ፊት ስታይ አቋረጠች።

ደባርቅ ተመልሶ ክንዴን ፊት ለፊት አስቀመጠው። ክንዴ አልተከራከረም። ሦስቱንም ቀን ዓርብ ላይ ፈርሞ ነው የሄደው። ካፒቴኑ ሂድ፣ ሦስት ቀን ምን ይሆናል፣ እኔ አየዋለሁ ብሎታል።

«ብነግርህ ሥራዬን፣ ፈቃዴን፣ ሁሉን አጣለሁ ብዬ ነው» አለ። «አሁን ሳየው ካፒቴኑንም አጥቻለሁ።»

አስቂኙ ነገር ይሄ ነው። ሊደብቀው የሞከረው ነገር ራሱ ነው ከአንድ ጥርጣሬ ያወጣው፤ ከዓርብ በኋላ ያቺን አውሮፕላን በእጁ አልነካትም። ግን ለቢራራ ምን ይጠቅማል? ምንም። ጥይቱ ጥይት ነው፣ ዛቻው ዛቻ ነው፣ ነገ ዓርብ ነው። እንግዳው ወደ አለቃው ደውሎ ሦስት ቀን ጨምርልኝ አለ። አለቃው ስለ መካኒክ ፊርማ አልጠየቅሁህም አለው።

* * *

ዓርብ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ባንቻየሁ ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኛት። ግራ እጇ በጨርቅ ታስሯል፣ ጨርቁ ደም ነክቶታል። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሲፈታ ማጭዷም አብሮ ወጣ። ከማጭዱ ጎን ስንዝር ተኩል የሚሆን ብረት፤ በአንድ ፊቱ ጥቁር፣ በሌላው ነጭ የተቀባ።

ረቡዕ ስታጭድ ነው ያገኘችው። እኛው ማሳ ውስጥ ተገኘ ሲባል ባሌን ይጨርሰዋል ብላ ክምር ሥር ደበቀችው። ዛሬ ሊወስዱት መሆኑን ስትሰማ ግን ወይ ያድነዋል ወይ ይገድለዋል አለችና አወጣችው።

«ስይዘው ቆረጠኝ» አለች። «እንደ ምላጭ ነው።»

እንግዳው ክንዴን ከውጭ አስጠራው። ክንዴ ቁራጩን ሲያይ መጀመሪያ አልነካውም። ከዚያ የተበጠሰበትን ፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ።

«ጥይት አይደለም» አለ።

የተበጠሰው ቦታ ሁለት ዓይነት ነበር። አብዛኛው ሻካራ፣ እንደ ተሰበረ ስኳር የሚያብረቀርቅ። ጠርዙ ላይ ግን ጥፍር የምታህል ልስልስ፣ ደብዛዛ ቦታ አለች። ባንቻየሁ ጎንበስ ብላ አየችና ማረሻም ሲሰበር እንዲህ ነው አለች፤ አሮጌው ስንጥቅ ደብዝዞ፣ አዲሱ እያብለጨለጨ። ክንዴ ልክ ነሽ አላት። ደብዛዛው ላይ እንደ ዛፍ ቀለበት የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። ሦስት።

«ቅዳሜ» አለ ክንዴ በጥፍሩ እየነካ። «ሰኞ። ማክሰኞ። በሦስት ቀን ውስጥ ነው የሄደው። የማክሰኞ ጥይት የቅዳሜን ስንጥቅ አይጀምርም።»

ቢራራ ነፃ ነው ማለት ነው። ባንቻየሁ ይሄ ገብቷት ግድግዳ ይዛ ቆመች።

ክንዴ ግን አልጨረሰም። ጣቱን በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ አሳለፈና ፊቱ ተለወጠ። ጠርዙ ክብ አልነበረም። ተስሏል። ስለቱ ላይ የሞረድ ጭረት ከጫፍ እስከ መበጠሻው ተሰልፏል፣ ሁሉም በአግድም። ከነዚህ ጭረቶች አንዱ ሥር ነው ስንጥቁ የጀመረው። ይሄን የሠራ ሰው ገዳይ ነው አለ። ዓርብ ጠዋት እኔ ሳየው ክብ ነበር አለ።

እንግዳው ቁራጩን አንስቶ ተጠግቶ አየ። የሠራው ሞረድ አንድ ጥርሱ የተሰበረ መሆን አለበት፤ በየጭረቱ መሀል እንደ ፀጉር የቀጠነች ከፍታ ትቀራለች። አሁንም፣ አሁንም፣ አሁንም። ዓይኑ ደክሞት ወደ ጎን ሲል የባንቻየሁ ማጭድ ላይ አረፈ።

ያቺው ፀጉር የምታህል ከፍታ። በየጭረቱ መሀል።

«ይሄን ማጭድ ማን ሳለልሽ?» አላት።

«አያ ገዱ ናቸዋ» አለች። «ሌላ ማን አለ?»

* * *

እንግዳው ወደ አያ ገዱ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ማየት ፈለገ። ወደ ማሳው ወጡና ሁለተኛውን ክንፍ ከአፈር አወጡት። ጫፉ ታጥፏል፣ ግን አለ። ክንዴ በውኃ አጠበው። እሱም ተስሏል፤ በዚያው ሞረድ፣ እስከዚያው ቦታ ድረስ፣ በዚያው ጥንቃቄ። እንግዳው በሜትር ለካው። ከመጀመሪያው ጋር ጣት አይለያይም።

ክንዴ አሁንም ገዳይ ይላል። እንግዳው ሜትሩን ጠቀለለ።

«ሊያጠፋ የመጣ ሰው አንዱን ነካ አድርጎ ይሄዳል» አለ። «ሁለቱን እኩል አድርጎ ማን ይደክማል? ይሄ የጠላት እጅ አይደለም።»

ይሄን ሲናገር ድምፁ እንደ ጨነቀው ሰው ነበር። ጠላት ቢሆን ይሻለው ነበር።

* * *

አያ ገዱ ሜዳው ላይ ናቸው። አውሮፕላን የለ፣ ካፒቴን የለ፣ ግን ማንም ተው ስላላላቸው ይጠብቃሉ። እንግዳው አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ክንዴን መኪናው ውስጥ እንዲቆይ ነግሮታል። ቁራጩን ከጨርቅ አውጥቶ ሰጣቸው።

አያ ገዱ በጋቢያቸው ጫፍ አፈሩን ጠረጉለት። አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ አኖሩ፣ ማጭድ እንደሚፈትን ሰው። ፊታቸው ትንሽ በራ።

«የኔ እጅ ነው» አሉ።

«መቼ ነው የሳሉት አያ ገዱ?»

«ዓርብ፣ ክንዴ የሄደ ለት፣ ፀሐይ ሳትገባ። እሱ ጠዋት ጠዋት በሞረድ ሲያሻሽ አያለሁ። ሦስት ቀን ከሌለ ለካፒቴኑ ማን ይስልለታል ብዬ አሰብሁ። የኅዳር ነፋስ ደግሞ ጠንካራ ነው። ብዳስሰው ዶልዱሟል፣ ጠርዙ እንደ ዱላ ድቡልቡል ሆኗል። ሁለቱንም እኩል አድርጌ ሳልሁለት። ፀጉር ይቆርጥ ነበር።»

እንግዳው ረቡዕ እዚሁ ቦታ ላይ መቀመጡን፣ ይሄንኑ ሞረድ ሲሠራ መስማቱን አሰበ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን? ሰው ቀርቧል ወይ አልከኝ። አልቀረበም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቅዳሜ ጠዋት ካፒቴኑ ራሱ ዳሰሰው። ክንዴ ነው የሞረደው ሳይሄድ? አለኝ። ተሞርዷል አልሁት። ጉሙ ሳይቀድመው ቸኩሎ ነበር፣ ወጣ። እኔ ነኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውሁት። ውለታ የሚመልስ ሰው እኔ ነኝ ብሎ ይናገራል ጌታዬ? ያማ ውለታ አይሆንም። ንግድ ነው።»

ነፋሱ ጠጠሩ ላይ አቧራ አነሳ። እንግዳው መሳል አልነበረበትም አላቸው።

አያ ገዱ ተገርመው አዩት። «ታዲያ ካልተሳለ አየሩን በምን ይቆርጠዋል?»

ክንዴ ያስረዳው ሁሉ ጠፋበት። ክንፍ ነው፣ ይጎትታል፣ አይቆርጥም፤ ቃሉ አለ፣ ግን ለኚህ ሰው፣ አሁን፣ እዚህ፣ እንዴት ይባላል? ዝም ብሎ የተበጠሰውን ፊት አዙሮ አሳያቸው። ደብዛዛዋን ቦታ በጣቱ ነካላቸው። ከዚህ ተነስቶ ነው የሄደው አላቸው።

አያ ገዱ የማረሻ ስብራት ሲያዩ ነው ያረጁት። ማንም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ጥፍራቸውን ደብዛዛዋ ላይ አሳረፉ፣ ወደ ጠርዙ ሳቡት፤ ጥፍሩ ሄዶ ሄዶ አንድ ጭረት ውስጥ ገብቶ ቆመ። የራሳቸው ጭረት። ደግመው ሞከሩ። እዚያው ቆመ።

ጣታቸውን እዚያው ላይ አድርገው ሜዳውን አዩ፤ ሜዳው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ቢራራ በኔ ነው የታሰረው?»

«አዎ።»

«ተነስ እንግዲህ ልጄ» አሉ። ጌታዬ ማለቱን ትተውት ነበር። ሞረዳቸውን ከመሬት አንስተው ሰጡት። መንገድ ላይ፣ ከመኪናው በር ሳይደርሱ፣ ቆም አሉ። «ሸዋነሽ ትሰማው ይሆን?»

«ትሰማለች አያ ገዱ።»

«እሱ ነው ያተረፋት።»

«አውቃለሁ።»

* * *

ለአለቃው ደወለና ሁሉንም ነገረው፤ ሦስቱን መስመር፣ ሞረዱን፣ ፊርማውን፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል መሆናቸውን። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፣ ውለታ የመለሱ መስሏቸው ነው አለ። በዋስ እዚሁ ይቆዩ ብሎ ለመነ። ለምኖ አያውቅም ነበር።

አለቃው ሰማና ሰው ሞቷል አለ፤ ሞቷል አልሞተም? ሞቷል። እንግዲያው በተላከው መኪና ገበሬውን ትተህ ሽማግሌውንና መካኒኩን ስደድ፣ ቀሪውን ሕግ ያየዋል አለ። መኪናው እንደሆነ መጥቷል፤ ባዶውን አይመለስም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቢራራን አወጡት። ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። ባንቻየሁ በሩ ላይ ማጭዷን ይዛ ቆማለች፤ ከዚህ ሁለቱም ወደ ገብሱ ነው የሚሄዱት። ቢራራ የሆነውን እሷ ነግራዋለች። በደረጃው ላይ ከአያ ገዱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ፤ አንዱ እየወጣ፣ አንዱ እየገባ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ይቅርታ ሊሉ ሲጀምሩ ቢራራ አላስጨረሳቸውም።

ከላዩ ያለውን ወፍራም ጋቢ አውልቆ ከጋቢያቸው በላይ ደረበላቸው።

«ውስጡ ሲሚንቶ ነው አያ ገዱ» አለ። «ጎንደርም ያው ነው አሉ። ይበርዳል።»

አያ ገዱ ጋቢውን ያዙ። ዓይናቸው ባንቻየሁ የያዘችው ማጭድ ላይ አረፈ። አራት ቀን ሙሉ ታጭዶበታል፣ ስለቱ ደክሟል። እጃቸው ሳያስቡት ተዘረጋ፣ አውራ ጣታቸው ስለቱን ሊሞክር ወጣ፤ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ባንቻየሁ ማጭዱን ትንሽ ጠጋ አደረገችላቸው።

እጃቸውን ሰብስበው ጋቢው ውስጥ ከተቱት።